የታጠነው እንጨት

ሻጋታ የስንፍና ልጅ ነው እያልኩ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። እንጀራው ሲሻግት የሚያፍር ሰው ቤቱን ይጠብቃል፤ የማያፍር ነገ ሌላውም ይበላሽበታል። ስለዚህ ሴት ልጄ በዓሣዎቿ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ያስቀመጠችው እንጨት ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ሲያወጣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እንጨቱን ያመጣችው ከቦርከና ወንዝ ዳር ነው። ጎርፉ ጨፋ ሜዳ ላይ ጥሎት ሄዶ፣ ልሙጥና ጠማማ ሆኖ አገኘችው። ቀቅላ፣ ዘፍዝፋ ነበር ያስገባችው። ሦስቱን ዓሣዎች ደግሞ አጎቷ ከኮምቦልቻ በላስቲክ አምጥቶላታል። ከነሱ ሌላ የምትሳሳለት ነገር የላትም።

«አውጪው» አልኳት።

«አባ፣ ወላሂ አይጎዳቸውም። አዲስ እንጨት እንዲህ ያደርጋል፤ ራሱ ይጠፋል።»

«ሻጋታ ራሱ የጠፋበትን ቤት አሳዪኝ!»

ለዓሣዎቹ ምግባቸውን በትና ወደ ጓዳ ገባች። አለመከራከሯን እንደ እሺታ ወሰድኩት።

ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ እንጨቱን አወጣሁት። እናቴ የወተት ቅል ሲሸትባት በወይራ ጭስ ታጥነው ነበር። እኔን ያስተማረኝ የለም፤ የማውቀውን ያወቅሁት እንዲህ በማየት ነው። ነጩን በብሩሽ ፈትጌ፣ እንጨቱን እስኪጠቁር አጥኜ መለስኩት። ሥራዬንም ወደድኩት።

ከጁምዓ በፊት ልጄ ስትመለስ ዓሣዎቹ ውሃው አናት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ውሃውን ቀጭን የጭስ ቅባት ሸፍኖታል። ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች።

«አባ፣ ምን አደረግክ?»

«አጠንኩት።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እንጨቱን መዝዛ አወጣችና «ውሃው ይቀየር፤ አሁኑኑ» አለች።

ቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። ቤት ያለው አንድ ጀሪካን ብቻ ነው፤ እሱም ለሰላት ለምንታጠበው ውዱእና ለድስት። ባለቤቴ ፊቱ ቆመች።

«ለዓሣ? ውሃ ውስጥ ያለ ፍጡር ጠማው ልትሉኝ ነው?»

«እማ፣ እየታፈኑ ነው!»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «የተጠማ እንስሳ ካለ ውሃው የእሱ ነው፤ ሰው በውሃ ፈንታ በአፈር ተየሙም ያደርጋል» እያልኩ በዚህ ቤት ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ። መናገር ቀላል ነው። ሰው የሚታወቀው ጀሪካኑ አንድ ሲሆን ነው።

«ስጪያት» አልኩ።

«አንተስ?»

«መስጊድ ውሃ ካለ ውዱእ እዚያ አደርጋለሁ። ከሌለም አፈር አለ።»

ልጄ የተበከለውን ውሃ በቱቦ ስባ ወደ ባልዲ አወረደች፤ እኔ አዲሱን በጣሳ እጨምራለሁ። «ቀስ!» ትለኛለች፤ እታዘዛለሁ። አዛን ሲሰማ አንዱ ዓሣ በጎኑ ወደቀ። ሁለቱ ገና አፋቸውን እየከፈቱ ትቻቸው ሄድኩ፤ በሰላቴም ልቤ አልተሰበሰበም።

ስመለስ ሁለቱ ወደ ታች ወርደው ይዋኛሉ። ሦስተኛውን ግቢያችን ካለው የሎሚ ዛፍ ሥር ቀብራዋለች። ያጠንኩትን እንጨት ጣልኩት፤ ቦርከና ወርጄ ሌላ አመጣሁላት። ቀቀለች፣ ዘፈዘፈች፣ አስገባች።

ይኸው ሰሞኑን ነጩ እንደገና ወጥቷል። ዛሬ ጠዋት መስታወቱ ፊት ቆሜ ሳይ ከኋላዬ መጣች።

«አባ፣ እጆችህን አሳየኝ።»

ሁለቱንም ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁላት። ባዶ ናቸው፤ ብሩሽ አልያዝኩም። አንድ በአንድ አይታ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች።