ማርታን ማን ጠራት?

ዛሬ ቀትር ላይ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ውስጥ ማርታ ወደ ጫካው ዞራ «አቤት!» አለች። እኔ አልጠራኋትም፤ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም።

ማርታ ለትምህርት ከኡጋንዳ የመጣች እንግዳችን ናት። ሳምንቱን ሙሉ ቅጠል ስትመዘግብ ሰነበተች። ማክሰኞ ሽሮ ሜዳ ወስጃት ነጠላ ገዛች፤ ትናንት የቃሪያ ስንግ በልታ እንባዋ እየወረደ «ይጣፍጣል» አለችን።

አማርኛም አስተምሬያታለሁ፦ ስምሽ ሲጠራ ቶሎ «አቤት» በይ። ጎበዝ ተማሪ መሆኗ ነው ጉዱ።

እዚያው ጫካው ዳር «ማን ብሎ ጠራሽ?» አልኳት።

«አያቴ ብቻ በምትጠራኝ የልጅነት ስሜ።» አያቷ ከሞቱ ቆይተዋል።

ቤት ገብተን ምሳ ላይ ለእማዬ ስነግራት እጇ የያዘውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። «ቀትር ላይ ሦስቴ ሳይጠሩሽ አቤት አይባልም፤ ጠሪው ሰው ላይሆን ይችላል! ይሄን አልነገርሻትም?»

አልነገርኳትም። እኔ እኮ የአሮጊት ወሬ ነው ብዬ...

እናንተስ ጠሪው ሳይታያችሁ «አቤት» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ ምን ሆነ? ቶሎ ጻፉልኝ።

አሁን ይሄን ስጽፍ ማርታ ከጓዳ «አቤት፣ መጣሁ!» አለች። እኔም እማዬም አልጠራናትም።

«መጣሁ» ማለትን ደግሞ እኔ አላስተማርኳትም።