ሳይቀመጡ አይወጣም

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። እስካሁን ያልነገርኩት ሰው ካለ እንጃ! ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሁሉ ሳወራ ከርሜያለሁ። አሁን ደግሞ የእናንተ ተራ ነው።

አባቴ በወጣትነቱ ሶቪየት ኅብረት ተልኮ መካኒክነት ተምሯል። እዚያም ሴት ልጅ ወለደ። ልጅቷ ገና ወፌ ቆመች ስትባል እሱ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ እዚያም እዚህም መንግሥት ፈርሶ ነገሩ ሁሉ ተበላሸና መገናኘት አልሆነላቸውም። ደብቆን ግን አያውቅም፤ "ሌና የምትባል እህት አለቻችሁ" እያለ ነው ያሳደገን። እሱ ካረፈ በኋላ ሌና ራሷ በኢንተርኔት ፈልጋ አገኘችን። "በሚቀጥለው ክረምት እመጣለሁ" ስትል ቦሌ ሚካኤል ያለው ቤታችን በእልልታ ቀለጠ!

ወንድሜ "ስልኩ ይተረጉምልሽ የለ?" አለኝ። ወይ ጉድ! የአባቴን ልጅ በስልክ አስተርጓሚ ላናግራት? ወላሂ አላደርገውም! ኦሎምፒያ አካባቢ ሩሲያኛ የሚያስተምር ቤት ሄጄ ተመዘገብኩ።

የመጀመሪያው ቀን መምህራችን "ለምን ልትማሩ መጣችሁ?" ብላ ጠየቀችን። አንዱ ሕክምና ሊማር ሩሲያ የሚሄድ ነው። አንዷ አስጎብኚ ናት። አንድ አዛውንት ደግሞ "በወጣትነቴ የተማርኩበት ቋንቋ ናፍቆኝ ነው" አሉ። ተራዬ ሲደርስ "እህቴን ላናግራት" አልኩ።

"እህትሽ አማርኛ አትችልም እንዴ?"

"አትችልም!"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

እውነቱን ለመናገር አጥርቼ ማለት የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "አባባ አልረሳሽም።" ልብስ ሳጥብ፣ ሱቅ ስቀመጥ እሷኑ እደጋግማለሁ። እናቴ "ይቺ ልጅ ልታብድብኝ ነው!" ትላለች።

ሌና መጣች። ኤርፖርት አየኋት። ግንባሯ፣ አፍንጫዋ፣ አረማመዷ፣ ቁርጥ አባቴን! ያጠናሁት ሁሉ ከአእምሮዬ ብን ብሎ ጠፋ። ቤት ገብተን ስንረጋጋ እንደምንም ያቺን ዓረፍተ ነገር አልኳት። ፈገግ አለች፤ ግን አላመነችኝም። እንድሰማት ቀስ ብላ "ያልረሳ ሰው ይመለሳል" አለችኝ። ልከራከራት ፈለግሁ፤ ግን የኔ ሩሲያኛ እዚያ ድረስ አይዘልቅም።

ሰንበት ብላ የአባታችንን መቃብር አየች፣ ዘመድ ተዋወቀች፣ እናቴ የሠራችውን ሁሉ በላች። ግን እስከ መጨረሻው እንግዳ ነበረች፤ ለሁሉም ነገር "አመሰግናለሁ" ትላለች። እንዲህ ሆና እንዳትሄድ ሰጋሁ።

የመሄጃዋ ቀን ሜትር ታክሲው በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። እናቴ እንደ ልማዷ "በሉ፣ ተቀመጡ!" አለች። ይህ የቤታችን ሕግ ነው። ደሴም ይኬድ ጅዳ፣ መንገደኛ ከመውጣቱ በፊት ሁላችንም ዝም ብለን ትንሽ እንቀመጣለን፤ ከዚያ ተነስተን እንሸኘዋለን። አባቴ በዚህ ቀልድ አያውቅም ነበር። አውቶቡሱ ሊያመልጥ ቢሆን እንኳ "ሳይቀመጡ አይወጣም!" ብሎ ይቆጣል። እኔ ዕድሜ ልኬን የወሎ ወግ ይመስለኝ ነበር። ወሎዬዋ እናቴም የእሱ መንደር ወግ ነው ብላ ነው የያዘችው።

እናቴና ወንድሜ ፍራሹ ላይ፣ እኔ ሻንጣው ላይ ተቀመጥን። ቀና ስል ሌና መሀል ቤት ድርቅ ብላ ቆማለች።

"ይህን ማን አስተማራችሁ?" አለችኝ።

"አባባ።"

ምንጣፉ ላይ ዘፍ አለችና ታለቅስ ጀመር። ስታወራ ትፈጥናለች፤ እኔ "ቀስ በይ!" እላለሁ፤ እንዲህ እንዲህ እያልን ነገሩ ገባኝ። ለካ የሩሲያ ወግ ኖሯል! ሳይቀመጥ የወጣ መንገደኛ አይመለስም ይላሉ። አባታችን ያን ጊዜ ባቡር እንዳያመልጠው ተጣድፎ፣ ሳይቀመጥ ነው የወጣው። እናቷም "ምነው ትንሽ በተቀመጠ ኖሮ" እያለች ነው ያሳደገቻት።

ያ አላህ! ያ ሁሉ ቁጣው ለካ ለዚህ ነበር! ያን ቀን ሳይቀመጥ የወጣው አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እኛን ሲያስቀምጥ ኖረ።

ለእናቴ ተረጎምኩላት። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ሌናን በእጇ ሳበቻትና "ነይ ልጄ፣ እዚህ ተቀመጪ" አለቻት። ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገም። ታክሲው እየጮኸ ተቃቅፈን ተቀመጥን።

ኤርፖርት በር ላይ ሌና ጆሮዬ ሥር ያቺኑ የኔን ዓረፍተ ነገር መለሰችልኝ፦ "አልረሳኝም።"

ትምህርቱን አላቆምኩም። አሁን ለምን እንደምማር ብትጠይቁኝ፣ ከእህቴ ጋር ለመጨቃጨቅ ነው! በየቀኑ ትደውላለች፤ አነጋገሬን እያረመች ታናድደኛለች። ደስታዬን ግን አልችለውም። ትናንት ደግሞ ትኬት መቁረጧን ነገረችኝ። እየጮኽኩ ሮጬ ለእናቴ ስነግራት ምንም አልደነቃትም።

"ምን ያስጮኽሻል?" አለችኝ። "ተቀምጣ አይደል የሄደችው!"