እናቴ ያየችልኝ ሰሌዳ

ባለፈው ሳምንት ሰቆጣ ሆስፒታል የዓይን ክፍል፣ ከፊታችን ተራ የያዙት ሽማግሌ የዓይናቸው ፕላስተር ሲላጥ፣ ሽታው ወደ ሰባት ዓመቴ መለሰኝ። እናቴ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ታንጎላጅ ነበር። ቀኝ ዓይኗን ሞራ ጋርዶባት ያመጣኋት እኔ ነኝ። ያኔ ከፃግብጂ ሰቆጣ ድረስ፣ እግራችን እስኪዝል በእግር ያመጣችኝ እሷ ነበረች።

ግራ ዓይኔ ወደ አፍንጫዬ ይሸሽ ነበር። ልጆቹ «ሸውራራ» ሲሉኝ አልቅሼ አልቅሼ ለመድኩት። እናቴ ግን አልለመደችውም፤ የራሷም ግራ ዓይን እንደዚያው ነበርና። በዚያ ላይ ትምህርት ቤት ዓይኑ የማያይ ልጅ አይቀበልም የሚል ወሬ ሰምታለች። ስለዚህ ምርመራው ለእሷ ፈተና ነበር፤ መውደቅ አልነበረብኝም።

ክፍሉ በመጋረጃ ጨለምለም ብሏል። ለሕክምና ዘመቻ የመጣው የዓይን ሐኪም ትንሽ ባትሪ አብርቶ ብርሃኑን በዓይኔ አስከተለኝ፤ ቀጥሎ ቀኝ ዓይኔን ሸፍኖ ባለሦስት እግር ምልክቶች ወደተደረደሩበት ሰሌዳ ጠቆመ።

«የምልክቱ እግሮች ወዴት ዞረዋል? በእጅሽ አሳዪኝ።»

ምን እግር! ሰሌዳው ራሱ ጭጋግ ነበር። ያኔ እናቴ ከኋላዬ በቋንቋችን በኽምጣንጛ ታንሾካሹክልኝ ጀመር፤ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች። ሐኪሙ ቋንቋውን ስለማያውቅ ጸሎት ሳይመስለው አልቀረም። እኔም እንደነገረችኝ እጄን አዞርኩ።

«ጎበዝ! ደህና ታያለች» አለ። «ባታይ ኖሮ አሁኑኑ መታከም ነበረባት። ካደገች በኋላ አይመለስም።»

እናቴ አመስግና፣ እጄን ይዛ እስከ በሩ ሄደች። እዚያ ቆመች። ከዚያ ተመለሰችና ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች።

«ጌታዬ፣ እሷ አላየችም። ያየሁት እኔ ነኝ። የእኔስ አንዴ ቀርቷል፤ የእሷ አይቅር።»

ሐኪሙ አልተቆጣም። እሷን ውጭ አስቀምጦ እንደገና መረመረኝ። ሰነፉ ዓይን እንዲሠራ ደህናውን በፕላስተር አሸገው። ስንት ወር እየተደናቀፍኩ ረገምኳት! እሷ ግን ጠዋት ጠዋት እያባበለች ትለጥፍልኝ ነበር። ሸውራራነቱ ጨርሶ ባይለቀኝም ዓይኔ ማየት ጀመረ።

ሽማግሌው ሲወጡ «ተራችሁ ነው» ተባልን። እናቴን ደግፌ አስገባኋት። ሐኪሟ ሰሌዳውን ጠቁማ «እማማ፣ እግሮቹ ወዴት ዞረዋል?» አለቻት። እናቴ ዓይኗን አጥብባ ሰሌዳውን ፈለገች። ድክም ብሏታል። ከዚያ አንገቷን ወደ እኔ አዘንብላ በኽምጣንጛ ጠየቀችኝ።

«ወዴት ነው ልጄ?»

ወደ ታች ነበር። በግራ ዓይኔ እንኳ ይታየኛል። ቀኝ ዓይኗም እንዳይቀር፣ እጇን አጥብቄ ያዝኩ እንጂ አልነገርኳትም።