የኑርሀያት የጃፓን ካሴት

ኑርሀያትን በደንብ አውቃታለሁ ማለት አልችልም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ በአንድ ቀበሌ ዓመታት ብንኖርም፣ ቁጭ ብለን ያወራነው ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። የቀረው ከጎረቤት የሰማሁትና ከሩቅ ያየሁት ነው። ከእኔ ይልቅ የሚቀርቧት ሰዎች ቢጽፉላት ይሻል ነበር፤ እስካሁን ግን የጻፈ አላየሁም።

ጥልፍ ጠላፊ ናት። ከወልዴ ሻይ ቤት አጠገብ ባለች በረንዳ ላይ ተቀምጣ ለሙሽሮች የትራስ ልብስ ትጠልፋለች። በዚያን ጊዜ የትራስ ጥልፍ ማለት የታወቀ ነገር ነበር፦ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ወፎች፣ በመካከላቸው አበባ፣ ከሥር «መልካም ሌሊት»። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ሙሽራ ያንኑ ይዛ ትሄዳለች። ኑርሀያትም እስከ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ድረስ ከወፍና ከአበባ ሌላ ጠልፋ አታውቅም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ የእርዳታ እህል የጫኑ መኪኖች ሐይቅ ያድሩ ነበር። ከእነሱ ጋር አንድ ጃፓናዊ መካኒክ መጣ። ከተማው ስሙን መያዝ ስላቃተው «ጃፓኑ» ብሎ ጠራው። የሥራ ልብሱ ክርኑ ላይ ሲቀደድ ኑርሀያት ሰፋችለት፤ «ለእኛ ብለህ መጥተህ አላስከፍልህም» አለችው። አገሩ ሊመለስ ሲል አንድ ካሴት ሰጣት። ሽፋኑ ላይ አጭር ፀጉር ያላት ልጅ ተስላለች። ዓይኖቿ የፊቷን ግማሽ ይይዛሉ፤ ጊታር አንግታለች፤ ከኋላዋ ከብረት የተሠራ ግዙፍ ሰው ቆሟል። እንዲህ ያለው ሥዕል በአገሩ ቴሌቪዥን እየተንቀሳቀሰ እንደሚታይ፣ ካሴቱም የዚያ ፊልም ዘፈን እንደሆነ በአስተርጓሚ አስረዳት።

ኑርሀያት ቴፕ አልነበራትም። ለወራት ዘፈኑን ሳትሰማ ሥዕሉን ብቻ እያየች ከረመች። በመጨረሻ ደፍራ ወደ ሻይ ቤቱ ገባች።

«ጋሽ ወልዴ፣ እስቲ ይችን አንድ ጊዜ ብቻ።»

ወልዴ አስገባላት። ከበሮውና ጊታሩ አንድ ላይ ሲፈነዱ ሻይ የሚጠጡት ሾፌሮች ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ቴፕህን አሞታል እንዴ?»

«ኧረ በርሜል ከዳገት ሲንከባለል ነው የቀዱት!»

«ቆዩ እንጂ፣ መጀመሪያው ላይ ነው የሚጮኸው፤ ኋላ ይበርዳል» አለች ኑርሀያት፣ እሷም ከእነሱ እኩል ገና መስማቷ ሆኖ ሳለ። እውነትም ጩኸቱ ረገብ ሲል ቀጭን የሴት ድምፅ ወጣ። እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ከዚያ ወዲህ ካሴቱ ወልዴ ዘንድ ተቀመጠ፤ እሷም ከሰዓት በኋላ እየሄደች ታሰማለች፤ ሾፌሮቹም ይሳደባሉ።

አሚናት የምትባል ልጅ ስታገባ ግን ኑርሀያት ወፎቹን ትታ የካሴቱን ልጅ ትራሱ ላይ ጠለፈቻት። የሙሽራይቱ እናት ትራሱን ወደ ብርሃን አዞር አድርገው አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ይች ደግሞ ምን አይታ ነው ዓይኗ እንዲህ የፈጠጠው?»

«ሐይቁን አይታ ነዋ እትዬ! ለአገሩ እንግዳ እኮ ናት።»

እናትየው ሳቁ፤ ትራሱም ተወሰደ። ሠርጉ ላይ ያዩ ልጃገረዶች ለእኛም ይሁን እያሉ መጡ። በሁለት ዓመት ውስጥ ልጅቱ ከሐይቅ አልፋ ውጫሌ ድረስ በየጫጉላው ተኛች። ኑርሀያት ትከሻዋ ላይ ነጠላ ጣል አደረገችላት። የብረቱን ሰው ዱላ አስይዛ እንደ ዘበኛ ጥግ ላይ አቆመችው። ጊታሩን ወደ ክራር ለውጪልን ሲሏት ግን እሺ አትልም። «ክራር ገመድ የለውም» ትላለች። የጊታሩን የኤሌክትሪክ ገመድ እያጠማዘዘች እስከ ትራሱ ጠርዝ ድረስ ትጠልፈዋለች። እኔ ብሆን ያን ገመድ እንደ ትርፍ ነገር እተወው ነበር፤ ትራሱን የሚያሳምረው ግን እሱ ነው።

በሰባ ዘጠኝ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ዘፈኖቹን ቀድቶ ወደ አውራጃ እንዲልክ ታዘዘ። ከተማው ውስጥ አዲስ ካሴት ጠፋ። ነዋሪው ካሴት ያዋጣ ሲባል ሰው ሁሉ ያለቀለትን አመጣ። የኪነቱ ኃላፊ ጓድ አምሳሉ በወልዴ ሻይ ቤት ያለውን የጃፓን ካሴት አስታውሶ አስወሰደው። እንዲህ ያለ ካሴት የተቀዳበት ዘፈን እንዳይጠፋ ከጀርባው ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ሲደፈን ግን በላዩ ሌላ መቅዳት ይቻላል። እሑድ ለስብሰባ አዳራሽ ስንገባ ቀዳዳዎቹ በወረቀት ተደፍነው ካሴቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ጓዲት ኑርሀያት፣ ካሴትሽ ለአብዮታዊ ኪነት ተፈልጓል። ይህን ጩኸት አጥፍተን እንቀዳበታለን።»

ኑርሀያት የሻሿን ጫፍ ጨብጣ ተነሣች። «ጓድ፣ እሱ ከጠፋ ሌላ የለኝም። ጃፓን ድረስ ሄጄ አላመጣ።»

አዳራሹ ሳቀ። አምሳሉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም ፈገግ አለ።

«እሺ፣ ይቀመጥ የሚያሰኝ ነገር ካለው ትርጉሙን ንገሪና። ምንድን ነው የሚለው?»

እኔ ከኋላ ነበርኩ። ስለ ሰላም ነው፣ ስለ ላብ አደሩ ነው ብትል ማን ያውቅባት ነበር? ጃፓንኛ የሚሰማ እዚያ አልነበረም።

«አላውቀውም» አለች። «ወላሂ አላውቀውም።»

«የማታውቂውን ነገር እንዴት ትወጅዋለሽ?»

ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ቴፕ በእጇ አመለከተች። «እስቲ ያሰሙት፤ ከዚያ ይፍረዱ።»

ቴፑ ተከፈተ። በርሜሉ ተንከባለለ፤ ሰዉ ተሳሳቀ። ቀጭኑ ድምፅ ሲወጣ ግን የኪነቱ ክራር መቺ ጋሽ እንድሪስ አንገቱን ሰበር አደረገ። የአምባሰል ሰው ነው። ለልምምድ ብሎ ክራሩን በአምባሰል ቅኝት ቃኝቶ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ነበር። ቀስ እያለ ድምፁን ይከተለው ጀመር። ክራሩም ተስማማ።

«ያ ረቢ! ይሄማ አምባሰል ነው!» አለ። «ይች የኛ ልጅ ናት፤ አምባሰል ተወልዳ ነው የሄደችው!»

ሰዉ ማጨብጨብ ጀመረ።

«የማን ልጅ ትሆን?»

«ጅቡቲ ሄዳ የቀረች የነሀምዱ እህት የለችም?»

«ነዋ! ከጅቡቲ መርከብ ይዛ ይሆናላ!»

የአምሳሉም ፊት ፈካ። «ባህላችን ባሕር ተሻግሯል ማለት ነው» አለ።

ካሴቱ ዳነ። ኑርሀያት ቁጭ ብትል ነገሩ ያበቃ ነበር። እሷ ግን እንደቆመች ነበር።

«ጓድ፣ ልጅቱ የአምባሰል አይደለችም። የጃፓን ናት፤ ሽፋኑ ላይ አለች።»

እኔ ፈራሁላት። ጋሽ እንድሪስ ግን ክራሩን እንደያዘ ዞረባት። «ዝም በይ አንች! የኔን ጆሮ ልታስተምሪ ነው? ዓይኗን ጃፓን አትልቆት ይሆናል፤ ጉሮሮዋ ግን የዚሁ አገር ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አምሳሉም እየሳቀ ወረቀቱን ከቀዳዳዎቹ በጥፍሩ መንግሎ አወጣና ካሴቱን ዘረጋላት። «ውሰጂ። እኛ ከደሴ እናስመጣለን።» በሁለት እጇ ተቀበለችው።

ከጥቂት ወራት በኋላ የእህቴ ልጅ ስህን ልታገባ ስለሆነ ያዘዝኩትን ትራስ ለመውሰድ ሄድኩ። ኑርሀያት አጎንብሳ ገመዱን ትጨርሳለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያንኑ ዘፈን ታንጎራጉራለች። ደረጃው ላይ ቆሜ ስሰማ ቃሉ ጃፓንኛ አልነበረም። አማርኛ ነበር፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማው ልክ የተሰፋ፣ ሄዶ የቀረን ሰው የሚጠራ አማርኛ። ስታየኝ አቋረጠች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝም እል ነበር። ያን ቀን ግን አፌ ቀደመኝ።

«ኑርሀያት፣ በስብሰባው ላይ አላውቀውም ብለሽ አልነበር? ይሄ ቃል ታዲያ የማን ነው? ስለ ማን ነው የምትዪው?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ትራሱን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ልጅቱን በመዳፏ አለሳለሰቻትና አጥፋ ሰጠችኝ።

«በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ በላት» አለችኝ። «ገመዱ ቀለሙን እንዳይለቅ።»