ስለ ፈረንሳይ ንጉሥ አወዳደቅ ሁለቴ የጻፍሁት ድርሰት

ታሪክ የተማርሁት ወድጄ አይደለም፤ ሌላው ክፍል ሁሉ ሞልቶ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ፣ አውስትራሊያ ውስጥ፣ ጠዋት ጠዋት ማሪቢርኖንግ ወንዝ አጠገብ ባለ የጎልማሶች ትምህርት ቤት እማራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ዲር ፓርክ የሚባል ሰፈር ያለ ፋብሪካ ገብቼ ብስኩት በካርቶን እሞላለሁ። የዓመቱን ትምህርት ሁሉንም ካለፍሁ ነርስነት መግባት እችላለሁ፤ አንዱን ከወደቅሁ ዓመቱ ተቃጠለ ማለት ነው። አንድ ዓመት ተጨማሪ ካርቶን ፊት መቆም ደግሞ እምቢ ብያለሁ።

የመጀመሪያው ድርሰት ርዕስ፣ ሕዝቡ የፈረንሳይን ዘውድ እንዴት ገለበጠ የሚል ነበር። ክፍል ውስጥ፣ ያለ መጽሐፍ ነው የምንጽፈው። እኔም የማውቀውን አደረግሁ፤ ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች ሸመደድሁት። ባደግሁበት ትምህርት ቤት አንደኛ የሚወጣው አንዲት ቃል ሳይስት የጻፈ ነው። እኔ ደግሞ ነጠላ ሰረዙን እንኳ አልሳትሁም።

በሳምንቱ አስተማሪዬ ጠሩኝ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ አውስትራሊያዊት ነበሩ። ወረቀቴንና መጽሐፉን ጎን ለጎን ዘርግተው፣ «ከየት ደብቀሽ አስገባሽው?» አሉኝ።

«አልደበቅሁም፤ እዚህ ነው ያለው» ብዬ ግንባሬን ነካሁ። ካላመኑኝ ብዬ እዚያው ቆሜ ከባስቲል እስር ቤት መሰበር ጀምሬ ወረድሁት። መስመሩን በጣታቸው ሲከተሉ ቆይተው ሁለተኛው ገጽ ላይ መጽሐፉን ዘጉት። እውነቱን ለመናገር፣ ምስጋና ነበር የምጠብቀው።

«ሌባ አይደለሽም፤ ይቅርታ» አሉ። «ግን ይኼ የአንቺ ሐሳብ አይደለም። ምንም ማርክ ልሰጥሽ አልችልም። ሁለት ሳምንት አለሽ፤ አንቺ የምታስቢውን ጽፈሽ አምጪ።»

ተናደድሁ። ያን ሁሉ ሌሊት የደከምሁት ለዚህ ነው? ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን ከሥሩ ያለው ፍርሃት እንደሆነ አወቅሁ። በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜን ያስወሰደው የገዛ እጅ ጽሑፉ ነው። ስለ አብዮቱ የሚያስበውን ደብተሩ ላይ ጽፎ አገኙበት፤ አልተመለሰም። እናቴ በዚያው ሳምንት የሁላችንንም ደብተር ምድጃ ውስጥ ከተተችው፣ የሒሳቡን ሳይቀር። ከዚያ ወዲህ ከቤታችን የራሱን ሐሳብ የጻፈ ሰው የለም። የሸመደዱት የሌላ ሰው ቃል ግን ማንንም አያስገድልም።

አሥር ቀን ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍ አለፈ።

ፋብሪካ የሚያደርሱኝ ጋሼ የምላቸው አብረውኝ የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ። አዲስ አበባ ሳሉ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። መኪና ውስጥ ጭንቀቴን ብነግራቸው ሳቁብኝ።

«የራስሽ ንጉሥ ወድቆ የመጣውን መከራ ሸሽተሽ፣ እዚህ ደግሞ የሰው ንጉሥ አወዳደቅ ታጠኛለሽ? ጉድ እኮ ነው!»

«አይሳቁ ጋሼ፤ ሴቶቹ ናቸው የገረሙኝ። የፓሪስ ሴቶች ዳቦ ቢያጡ በዝናብ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ንጉሡን ከነቤተሰቡ ይዘውት ተመለሱ። መጽሐፉ ግን ስለ ሚኒስትሮችና ስለ ፈላስፎች ነው የሚያወራው።»

«ምኑ ይገርማል? ዳቦ ሲጠፋ ወንዱ ደጅ ቆሞ መንግሥት ይራገምና ሲደክመው ይሄዳል። ሴቷ የት ትሂድ? ልጆቿ እየጠበቋት ባዶ እጇን አትገባም። እኔም ዳቦ ቤቴ ደጅ ለሚሰለፉት ሴቶች ዱቄት የለም ብዬ ብምልም አያምኑኝም ነበር። አንድ ቀን በሩን ገፍተው ገቡ፤ መጋዘኑ ባዶ፣ እኔም እንደ እነሱ ተራ ሰው መሆኔን አዩ። ከዚያ ቀን ወዲያ አንዷም አልፈራችኝም።»

ያን ዕለት በራት እረፍታችን፣ የብስኩት ዱቄት እጄ ላይ እንዳለ፣ «እኔ እንደማስበው» ብዬ ጀመርሁ። ሦስት ወረቀት ቀደድሁ። አራተኛው ላይ፣ በቃ፣ ይምጣ የመጣው አልሁ። ንጉሡ ፓሪስ ከገባ በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ ዘውዱን እንደደፋ ቆይቷል፤ ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱን ሰብሮ እስኪገባና ዘውዱ እስኪሻር ድረስ። እኔ ግን የወደቀው ሴቶቹ የቬርሳይን በር አልፈው ገብተው ያዩት ቀን ነው ብዬ ጻፍሁ። አብዮተኞቹ ንጉሡን ጣሉ እንጂ ፍርሃቱን አልጣሉትም፤ ወርሰው ሌላውን ማስፈራሪያ አደረጉት ብዬም ጨመርሁ። ይኼን የትም አላነበብሁትም። ስሜን ከላይ በትልቁ ጽፌ አስረከብሁ።

ወረቀቱ ሲመለስ ዳር ዳሩ በቀይ ተሞልቷል። ስለ ሴቶቹ ከጻፍሁት አጠገብ «አልስማማም» ይላል። መጨረሻው ገጽ ላይ ግን አልፌያለሁ፣ ያውም በጥሩ ማርክ። ሁለቱ እንዴት አንድ ወረቀት ላይ እንደሚገኙ ሊገባኝ አልቻለም።

«ካልተስማሙ ለምን አሳለፉኝ?» አልኋቸው።

«ለማሳለፍ መስማማት አለብኝ እንዴ?» አሉ። «ንጉሡ የወደቀው ወታደሩ ስለከዳው ነው። አይደለም ካልሽ ተከራከሪኝ።»

ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። በሕይወቴ አስተማሪን ተቃውሜ አላውቅም። ተነሣሁ።

«እኔም በእርስዎ ሐሳብ አልስማማም» አልሁ። «ወታደሩስ የማን ልጅ ነው? ዳቦ ያጡት የእነዚያው ሴቶች ልጅ አይደል?»

ሊመልሱልኝ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ግን ገና አልጨረስሁም ነበር።