ዳገቱን ልጨርስና

በዚያ ክረምት ችኩሊትን ከቤቷ አንስቶ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ድረስ የሚያደርሳት ንዴቷ ነበር። እግሯማ ተከታይ ነው። ሻርፗን ጠምጥማ፣ በሩን ጓ አድርጋ ዘግታ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ እንዴት እንዳለቀ አታውቅም፣ ብቻ ከሆስፒታሉ አጥር ጋር ትፋጠጣለች። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የሰው አንገት ላይ ምላጭ ይዞ የሚያወራ ሰው ስለሆነ ቀልድ የት ላይ እንደሚቆም ያውቃል። እሱ እንኳ «የሚያስቆጣሽ ሰው ባይኖር ኖሮ ፈልገን እናመጣልሽ ነበር፤ አለዚያ በሰዓቱ አትደርሺም» ይላታል። እሷ አትስቅም።

ስሟ ሌላ ነው። ችኩሊት ያሏት የማጠቢያው ሴቶች ናቸው፤ ስትራመድ ከኋላዋ የሚያሳድዳት ያለ ስለሚመስል።

አውቶቡስ አለ። ግን ሰው መጫን የሚጀምረው የጠዋቱ ፈረቃ ከገባ በኋላ ነው። ሌሊቱን ከዳገቱ በላይ ያድርና ጎህ ሲቀድ መብራቱን አብርቶ፣ ወንበሮቹን ባዶ አድርጎ፣ ሽቅብ በሚወጡት ሠራተኞች ጎን ቁልቁል ይወርዳል። ሲወርድ ጭቃ ይረጫል። ለማን ተብሎ እንደተመደበ ጠይቆ መልስ ያገኘ የለም። ሐኪሞቹ መኪና አላቸው፤ አንሶላ የሚያጥበው፣ ወለል የሚጠርገው፣ ለበሽተኛ የሚያበስለው ግን ዳገቱን በእግሩ ይወጣል። ዳገቱ ከወፍጮ ቤቱ ይጀምርና እስከ ሆስፒታሉ በር አፍታ አይሰጥም፤ በአንድ ወገን እዚህም እዚያም የተናደ የድንጋይ አጥር፣ በሌላው ክረምት ከበጋ የሚሸት ቦይ።

ይህን ዳገት ችኩሊት ለብዙ ዓመታት ብቻዋን ወጥታው አታውቅም ነበር። ከእታለም ጋር ነው የምትወጣው። እታለም በዕድሜ ትበልጣታለች፤ ረጋ ያለች፣ ልጆቿን ብቻዋን አሳድጋ ለወግ ያበቃች፣ ስትስቅ ከሆዷ የምትስቅ ሴት ናት። ስሙን ያወጣችላት ችኩሊት ራሷ ናት። ሥራ በጀመረችበት ቀን መንገዱ ጠፍቷት «እታለም፣ ወደ ሆስፒታሉ በዚህ ነው?» ብላ ጠየቀቻት፤ እንደዚያው ቀረ። ሁለቱም በአንድ በር ገቡ።

ሕጋቸው አንድ ነበር፤ ቀድማ የደረሰች ወፍጮ ቤቱ ክፈፍ ሥር ቆማ ትጠብቃለች። ዝናብም ብርድም ይህን ሕግ አላስጣሳቸውም። በመንገዱ ላይ ያላነሱት ነገር የለም፤ ስለ አማች፣ ስለ ጥርስ ሕመም፣ ስለ ሞቱ ሰዎች። ችኩሊት ጽንስ ተጨናግፎባት ወደ ሥራ በተመለሰችበት ጠዋት ግን እታለም ወሬውን ተወችው። እጇን ይዛት እስከ በሩ ወጣች፣ በቃ። ሰው ወዳጁን በመልኩ ያስታውሳል፤ ችኩሊት እታለምን የምታስታውሳት ከጎኗ በሚሰማው የእርምጃ ድምፅ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ክፈፉ ሥር ሰው አልነበረም። ችኩሊት ጠበቀች። ታማለች እንዴ ብላ አሰበች፣ ወደ ቤቷ ልሂድ ወይ ብላ አመነታች፣ በመጨረሻ ዳገቱን እየሮጠች ወጣች። ዘገየች። እዚያ ቤት ሰዓት ያሳለፈ ሰው ቀኑን እንደቀረ ይቆጠርበታል፤ ሥራውን ግን ይሠራል። እያለከለከች ስትገባ እታለም ሽርጧን ታጥቃ ቆማለች።

«ምነው ዛሬ?»

«ቀደም ብዬ ወጣሁ።»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

በማግስቱም ክፈፉ ባዶ ነበር። በሳልስቱም። ብትጠይቃት «እንዲሁ» ነው መልሷ፤ ዓይኗን ሰበር አድርጋ። ችኩሊትን አንጀቷን ያቃጠላት መቀደሟ አይደለም፤ ይህች ቃል ናት። ዕድሜ ልክ አብሮ የሄደ ሰው «እንዲሁ» ተብሎ ይሸኛል?

እሳቱ ላይ ጭድ የጨመረችው ልብስ ተኳሿ ናት፤ ወሬ ከካውያዋ ቀድሞ የሚግልባት ሴት። የአንሶላ ማደያው መስኮት ቦታ እንደተለቀቀ ነገረቻት። መስኮቱ ቁጭ ተብሎ የሚሠራበት ብቸኛው ሥራ ነው፤ የታጠፈ አንሶላ ለየክፍሉ መስጠት። ሁሉም ይመኘዋል። «ወዳጅሽ በዶሮ ጩኸት የምትመጣው ለጤናዋ መስሎሽ ነው?» አለቻት። «ኃላፊው ሲገባ ቀድማ እንድትታየው ነዋ!» ችኩሊት ይህን ስትሰማ የተበተነው ሁሉ ቦታ ቦታውን የያዘ መሰላት።

ችግሩ ጠላት ሆነውም አንሶላ አብረው ማጠፋቸው ነው። የሆስፒታል አንሶላ ሰፊ ስለሆነ ብቻውን የሚያጥፈው የለም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይወጥረዋል፣ በቁመቱ ያጥፈዋል፣ ከዚያ አንዱ ወደ ሌላው ይራመዳል። መሀል ላይ እጅ ለእጅ ይገናኛሉ፤ አንዷ ጫፏን ታስረክብና ጎንበስ ብላ እጥፋቱን ታነሳለች፣ ደግሞ ወደ ኋላ። ድሮ ሁለቱ ሲያጥፉ ያየ «እናንተማ ሰርግ ቤት የገባችሁ ትመስላላችሁ» ይላቸው ነበር። አሁን ችኩሊት አንሶላውን ስትወጥር ትነጥቃለች፤ እታለም ወደፊት ትንገዳገዳለች። መሀል ላይ ሲገናኙ ደግሞ እታለም የያዘችውን እጅ ቶሎ አትለቅም። ግንባሯን ላብ አርሶት፣ ትንሽ ቆም ብላ ነው የምትመለሰው። ችኩሊት ይህን ይቅርታ ልመና አደረገችው። የበደለ ሰው ያልበዋል፣ አለች በልቧ፤ እጇንም መንጭቃ አስለቀቀች።

አንድ ዓርብ ትዕግሥቷ አለቀና ኃላፊው ዘንድ ገባች። ኃላፊው ሰው ሲያናግረው የሚያየው በጣቱ የሚያሽከረክረውን ቁልፍ ነው። ከእሷ ጋር ማጠፍ አልችልም፣ ይለዩን አለችው። ኃላፊው ምክንያቱን አልጠየቀም።

«በጥሩ ሰዓት መጣሽ» አላት። «እርጥብ ክፍል ሰው ጎሎኛል። ከሰኞ ጀምሮ እሷ ትውረድ።»

እርጥብ ክፍል የሚሉት ከምድር በታች ያለውን ነው። ውኃው ያልተንጠፈጠፈ አንሶላ በቅርጫት ተሸክሞ እስከ ጣሪያው ማስጫ በደረጃ መውጣት ነው ሥራው። አሳንሰር አለ፤ «በጥገና ላይ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት ብዙ ጊዜ ስለሆነ ወረቀቱ ራሱ ጥገና ይፈልጋል። ጉልበታሞቹም ቢሆኑ እዚያ ከርመው ወገባቸውን ይዘው ነው የሚወጡት። ችኩሊት ይህን ታውቃለች። አፏን ከፈተች። ከዚያ ያቺ «እንዲሁ» ትዝ አለቻትና መልሳ ዘጋችው።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ልብስ ስታጥብ ዋለች። ባሏ «ሸሚዜ ደግሞ ምን አደረገሽ?» ቢላት ያደረገችውን ነገረችው። ቀልድ ይመጣል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ምላጩን መሳሉን ተወና «እርጥብ ክፍል? እታለምን?» ብሎ ብቻ ወደ ሥራው ተመለሰ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ሰኞ ገና ሳይነጋ ወጣች። ኃላፊው ከመንገሩ በፊት ራሷ፣ ፊት ለፊት፣ ልትነግራት ፈልጋ ነው። ደግነት አይምሰላችሁ፤ ያ ፊት ሲጠቁር ማየት አምሯት ነው። ወፍጮ ቤቱን አለፈች። የዳገቱ ወገብ ላይ፣ አጥሩ ከተናደበት፣ አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ ኩርምት ብላለች። መንገደኛ መሰለቻትና ልታልፋት ስትል ጫማውን አወቀችው፤ ለስንት ዓመት አብሯት የተራመደ ጫማ።

እታለም አንድ እጇን ደረቷ ላይ፣ ሌላውን ድንጋዩ ላይ አድርጋ በአፏ ትተነፍሳለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ችኩሊትን ስታይ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ደንግጣ ልትነሳ ሞከረች።

«ተቀመጪ» አለቻት ችኩሊት።

ነገሩ በቁርጥራጭ፣ ትንፋሽ በፈቀደ መጠን ወጣ። ልቧ ነው። የነገሯት እዚያው ሆስፒታል ነው፣ ራሷ ያጠፈችው አንሶላ ላይ አስተኝተው። ዳገት እንዳትወጪ፣ ከባድ እንዳታነሺ ብለዋታል። ዳገቱን ሳትወጣ ሥራ እንዴት እንደምትገባ ግን አልነገሯትም። ስለዚህ የራሷን መላ ፈጠረች፤ ወፍ ሳይንጫጫ ወጥታ፣ ትንሽ ሄዳ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትንሽ ሄዳ ትቀመጣለች፤ እንዲህ እያለች ከጤነኞቹ እኩል ትደርሳለች።

«ለእኔ እንዴት አትነግሪኝም?»

«ብነግርሽ ትጠብቂኛለሽ። ትጠብቂኝና ሁለታችንም እንዘገያለን። አንቺ ደግሞ ቀስ ብሎ መሄድ አልፈጠረብሽም፤ ዞር ዞር እያልሽ ስትቁነጠነጪ ልቤ ሳይገድለኝ ሐፍረት ይገድለኛል።» አረፍ አለች። «ከተሰማ ደግሞ ታውቂያለሽ። እዚያ ቤት የታመመ ሰው የሚፈለገው አልጋ ላይ ነው።»

ሰው መሳሳቱን ሲያውቅ ቁጣው ይበርዳል የሚሉ ሰዎች ተሳስተው የማያውቁ መሆን አለባቸው። ችኩሊት ይብሱን ነደደች። በዚህች ሴት የተቆለፈ አፍ ነደደች፣ በተኳሿ፣ ከባዱን አታንሺ ብሎ በሸኛት ሐኪም፣ አሳንሰሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት። ዞራ ዞራ ዓርብ ዕለት አፏን ከፍታ በዘጋችው ሴት ላይ ደረሰች፤ ከእሷ ማለፍ ግን አልቻለችም። እንደቆመች፣ ወደ ቦዩ እያየች ተናገረች።

«ከአንቺ ጋር አላጥፍም ብዬ ለኃላፊው ነግሬዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እርጥብ ክፍል ነሽ።»

እታለም ሽቅብ መንገዱን አየች።

«አንሶላውን ስትነጥቂኝ ትከሻዬን ልትነቅዪው ነበር፤ እሱን ችዬሻለሁ» አለች። «ይሄን ግን አልችልሽም። ቆይ ብቻ። ዳገቱን ልጨርስና እቆጣሻለሁ። ለሁለቱም የሚበቃ ትንፋሽ የለኝም።»

ችኩሊት ክንዷን ይዛ አስነሳቻት። አንዱን እግር አንስቶ፣ ሌላው እስኪደርስ መጠበቅ፤ ለእሷ ከዚህ የከበደ ሥራ ተሰጥቷት አያውቅም። እታለም ስትቀመጥ ትቆማለች፣ ስትነሳ ትይዛታለች። አውቶቡሱ ባዶውን በአጠገባቸው ወረደ። ጭቃ ረጨባቸው፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አናቱ ላይ ሲደርሱ እታለም ቆመች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ቃሏንም አከበረች። አንቺን ብሎ እህት አለች። ታላቅሽ ነኝ፣ ቀድሜሽ መቀበሬ አይቀርም፤ አንቺ ግን ልትቀብሪኝ ተቻኮልሽ አለች። «የኔ ልብ ታመመ እንጂ አለ፤ ያንቺን ሐኪም ቢፈልገውም አያገኘውም» አለች። ችኩሊት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ሳትሰጥ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ እንባዋን በሻርፗ ጠርጋ «አሁን ቀድመሽ ግቢ። አልታረቅንም» አለቻት።

እታለም ገባት። በአንድ ጀንበር ከታረቁ ኃላፊው ምን ተገኘ ይላል፤ ምን ተገኘ ካለ ደግሞ ሕመሟ ላይ ይደርሳል።

ኃላፊው ቢሮውን እየከፈተ ነበር። ችኩሊት ልለይ ያልኩት እኔ ስለሆንኩ የምወርደውም እኔ ነኝ አለችው። ቁልፉ ጣቱ ላይ ቆመ።

«ታረቃችሁ እንዴ?» አላት ቀና ብሎ። «ወይስ እሷ ሥራው ይከብደኛል አለች?»

«ከማን ጋር ነው የምታረቀው?» አለች ችኩሊት። «እዚያ ብትወርድ ቅርጫት ተሸክማ በየደረጃው ልትገጥመኝ አይደል? ዓይኗን ማየት አልፈልግም። እሷ እላይ ትሁን፣ እኔ ታች፤ ይህ ሁሉ ወለል መሀላችን ይግባ። ካልሆነ አንድ ቀን ጉድ ታያለህ!»

አንተ ብላው ነበር፤ ሁለቱም ልብ አላሉም። ቁጣውን መዋስ አላስፈለጋትም፣ የራሷ ነው። ኃላፊው ቁልፉን እንደገና አሽከረከረ። ቅርጫቱ ይነሳለት እንጂ የአንሺው መልክ አያሳስበውም። «የሴት ጠብ» ብሎ ሳቀ። «ውረጂ በይ።»

ከዚያ ወዲህ ችኩሊት እርጥብ ክፍል ናት። መስኮቱ ላይ የኃላፊው የእህት ልጅ ተቀመጠች፤ ተኳሿም ይህን ድሮ አውቀው ነበር አለች። ችኩሊት ቅርጫቷን አዝላ በማጠፊያው ክፍል በር ስታልፍ፣ እታለም አዲሷን አጣፊ «አትንጠቂ የኔ ልጅ፣ አንሶላው ዕዳ የለበትም» ስትላት ትሰማለች። ሰላም አይባባሉም። ተኳሿ ላስታርቃችሁ ብትል በሁለቱም ተሰድባ ተመለሰች።

ጠዋት ጠዋት ግን፣ ሌላው ሠራተኛ ሳይወጣ፣ ወፍጮ ቤቱ ክፈፍ ሥር ቀድማ የደረሰች ትጠብቃለች። ባሏ ከእንቅልፉ ሳይነቃ «ዛሬስ ማን አስቆጣሽ?» ይላታል፤ «ሁሉም» ብላው ትወጣለች። በሩን ግን ቀስ አድርጋ ነው የምትዘጋው። ዳገቱን ሲወጡ አይነጋገሩም። ቅርጫቱ ወገቧን እየያዘው ስለሄደ አንዳንድ ቀን ድንጋዩ ላይ ቀድማ የምትቀመጠው ችኩሊት ናት። አናቱ ላይ ሲደርሱ እታለም የዕለቱን ቁጣ ትቆጣታለች፤ ይቅር አላለቻትም፣ ችኩሊትም ይቅር በይኝ ብላ አታውቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ እታለም ከወትሮው ብዙ ጊዜ ተቀመጠች። አናቱ ላይ ሲደርሱ ደጃፉ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ችኩሊት ራቅ ብላ ቆማ የተለመደውን ቁጣ ጠበቀች። በዚህ መሀል አውቶቡሱ መብራቱን አብርቶ፣ ባዶ ወንበሮቹን እያሳየ ብቅ አለ፤ ጭቃውን እስከ ወገባቸው አልብሷቸው ወረደ።

እታለም የሰበሰበችውን ትንፋሽ ይዛ ወደ አውቶቡሱ ዞረች። ለችኩሊት ያዘጋጀችውን ሁሉ፣ ሳታጎድል፣ ለእሱ ሰጠችው። ሾፌሩን፣ መዳቢውን፣ ወንበሩን የሰፋውን ሳይቀር አልማረችም። ትንፋሿ ሲያጥርባት ካቆመችበት ችኩሊት ቀጠለች፤ ችኩሊት ስትጨርስ እታለም አረፍ ብላ ተቀበለቻት። የኋላ መብራቱ ወፍጮ ቤቱ ጋ እስኪጠፋ ድረስ እንደ አንሶላ እየተቀባበሉ ረገሙት።

ከዚያ ጭቃቸውን አራግፈው፣ በሩ ከመዘጋቱ በፊት፣ አንዷ በዚህኛው ሌላዋ በዚያኛው የመንገዱ ጠርዝ፣ እንደማይተዋወቅ ሰው ገቡ።