ጀዊሪያ አንቀልባ ዶት ኮም

የጀዊሪያን እጅ ሥራ ያልዳሰሰ ሰው፣ የፍየል ቆዳ እንደ ሐር ይለሰልሳል ቢሉት አያምንም። ቆቦ ላይ፣ ወደ ዋጃ በሚያወጣው አስፋልት ዳር፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለቻት። ከደጇ አንቀልባ ተሰቅሏል፤ ቀዩም፣ ቡኒውም፣ ዛጎሉ በፀሐይ ጥርሱን ገልጦ የሚስቀውም። ቆዳውን አልፍታ፣ በወስፌ በስታ፣ በጠፍር ሰፍታ ስትጨርስ፣ «በዚህ ታዝሎ የማይተኛ ልጅ ካለ አምጡልኝ!» ትላለች። ሙያውን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። ያኔ «ሴት ልጅ ወስፌ ይዛ!» ብሎ የሳቀባት ሰፈር፣ ዛሬ ልጁን የሚያዝለው በእሷ አንቀልባ ነው።

አንድ ነገር ግን ያንገበግባት ነበር። ገዢዎቿ መንገደኞች ናቸው። ሚኒባስ ቆም ሲል በመስኮት ይገዙና እብስ ይላሉ። በመስኮት የገዛች አንዲት የደሴ ሴት፣ እህቷ በወለደች ጊዜ ሁለተኛ ብትፈልግ፣ የት ብላ ታገኛታለች? «ቆቦ፣ አስፋልት ዳር፣ ዓይነ ትልቋ ሴትዮ» ተብሎ አድራሻ አለ? ይባስ ብሎ እዚያው ራቅ ብለው ዛጎል በማስቲሽ እየለጠፉ «የጀዊሪያ ነው» ብለው የሚሸጡ ተነሱ። ዛጎሉ ሲረግፍ የሚረገመው የእሷ ስም ነው።

ይህን ስታማርር የሰማት በድረዲን ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ኮምፒዩተር ይጠግናል።

«ድረ ገጽ ነው የሚያስፈልግሽ» አላት። «መጀመሪያ ግን ስሙን እናስመዝግብ። ጀዊሪያ አንቀልባ ዶት ኮም።»

«ሌላ ጀዊሪያ ቀድማኝስ እንደሆነ?»

በድረዲን ጻፈና ፈለገ። «ክፍት ነው! በዓለም ሙሉ የያዘው የለም።»

«በዓለም ሙሉ? መካም? ቻይናም?»

«መካም ቻይናም። አንዴ ከያዝሽው፣ በየዓመቱ እያደስሽ እስከቆየሽ ድረስ ሌላ ሰው ሊይዘው አይችልም።»

ጀዊሪያን ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ይህ ሁሉ የአደም ልጅ፣ ይህ ሁሉ አገር! ከዚያ ሁሉ መሀል የሰው እግር ያልረገጣት አንዲት ቁራሽ መሬት፣ «ጀዊሪያ የት ቀረች?» ብላ ስትጠብቃት ታያት።

«በይ አሁኑኑ እንያዘው» አለ በድረዲን።

«ያለ ዱዓ? ኧረ አንተ ሰውዬ! ይህቺን ቆርቆሮ ስከፍት እንኳ ጎረቤት ሰብስቤ፣ ዱዓ አስደርጌ ነው። ለዓለም የሚነገር ስም ሲሆን ጓዳ ለጓዳ ልያዘው?»

«ዱዓውማ በኋላም ይደርሳል፤ ስሙ ግን…»

«እስከ ጁምዓ ማን ይነካዋል? አብሽር።»

ጁምዓ ቤቷ ሞላ። ቆሎው ዞረ፣ ሻዩ ዞረ። ጀዊሪያ ቆማ ስሙን ከነ ዶት ኮሙ ተናገረች፤ ፊደሉን ሳይቀር አስቆጠረች። ሸህ ዒምራን እጃቸውን ዘርግተው «አላህ ይህን ስም ለጀዊሪያ ያግራላት፣ ክፉ ዓይን ይያዝላት» አሉ። ቤቱ በአሚን ተናወጠ። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የነጅሙዲን ድምፅ ነበር። ነጅሙዲን የከብት ደላላ ነው፤ ድምፁን ገበያ አሠልጥኖታል።

በማግስቱ በድረዲን ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ፊቱ ጠቆረ።

«ተይዟል።»

«ማን ያዘው?»

«የባለቤቱ ስም ተሸፍኗል፤ አይታይም።»

«ስሜን ወስዶ ስሙን ሸፈነ!» ብላ ጀዊሪያ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ያቺ ቁራሽ መሬቷ ታጠረች። አንድ አንቀልባ ሰፍታ የማታውቅ እጅ በእሷ ስም ልትሸጥ ነው።

ቀትር ላይ ነጅሙዲን ከሱቋ ብቅ አለ። በዱላው መሬቱን እየጫረ፣ «ያንን ስም የያዘ ሰውዬ አውቃለሁ» አላት። «በእኔ በኩል ከመጣሽ ይለቅልሻል።»

«ሰውየው ማነው?»

«እሱማ መጠራት አይወድም።»

ደላላ እኮ ነው፤ ራሱን እንኳ ካላደራደረ አያስችለውም። ጀዊሪያ ከእግር እስከ ራሱ ቃኘችውና፣ «አንተው ነህ!» አለችው። ነጅሙዲንም አልካደም፤ ሳቀ።

ነገሩ ሸህ ዒምራን ዘንድ ደረሰ። አሥር ሰዓት ላይ የሰፈሩ ሽምግልና ከሚታይበት የዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ በጎረቤትነት ጋሽ ተሾመም ተጠሩ።

«ያ ጀማዓ!» አለ ነጅሙዲን። «አጥር አፈረስኩ? ስልኬ ላይ ፈለግኩት፣ ክፍት ሆኖ አገኘሁት፣ ከፈልኩ፣ ያዝኩ።»

ሸሁ ወደ በድረዲን ዞሩ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው። በኢንተርኔቱ ሕግ የቀደመ ነው የሚይዘው» አለ በድረዲን፣ አንገቱን ደፍቶ። ጀዊሪያ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ያዘች።

«የሰው ስም ትወስዳለህ እንዴ አንተ?» አሉ ጋሽ ተሾመ።

«ስሟማ አብሯት አለ፤ እኔ የያዝኩት ዶት ኮሙን ነው!»

ሽማግሌዎቹም ሳይቀሩ ሳቁ። ሸህ ዒምራን ሳቃቸውን ዋጡና ዝግ ብለው ጠየቁት።

«እኔ ዶት ኮሙን አላውቀውም፤ የማውቀውን ልጠይቅህ። ጁምዓ ለት ከቤቷ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ለጀዊሪያ ያግራላት ስል ምን አልክ?»

ነጅሙዲን ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «አሚን።»

«ላንተ ነው ለሷ?»

«…ለሷ።»

«እንግዲያው ሰጥተሃል። አሚን ብለው የሰጡትን መልሶ መያዝ እኛ ዘንድ የለም። ያወጣሃትን ትክፈልህ፤ ንብረቷን አስረክብ።»

«ምነው ቀስ ብዬ ባልኩት ኖሮ!» አለ ነጅሙዲን። ጋሽ ተሾመ በሳቅ ትከሻውን መቱት። እሱም ከቃላቸው አልወጣም፤ ያችን ጥላ ረግጦ ሄዶ ቆቦ ላይ በማን ፊት ከብት ያሻሽጣል?

ሁሉም ተከታትለው ከበድረዲን ሱቅ ገቡ። ነጅሙዲን ስሙን ያስመዘገበው በድረዲንም በሚጠቀምበት የስም መዝጋቢ ድርጅት በኩል ስለነበር፣ ከእሱ ወደ እሷ ማዛወሩ ቀላል ሆነ። በድረዲን በእሷው ስልክ የራሷን መዝገብ ከፈተላት። «የይለፍ ቃሉን ለማንም አትንገሪ፣ ለእኔም ጭምር። ማደሻው ሲደርስ መልእክት ይመጣልሻል፤ ቸል እንዳትይ።» ነጅሙዲን «አስተላልፍ» የሚለውን ነካ። ጀዊሪያ ስልኳ ላይ የመጣላትን የማረጋገጫ ቁጥር እየጠራች አስጻፈች። ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ዞረች፣ ዞረች… ቆመች።

ባለቤት፦ ጀዊሪያ።

በድረዲን ስሙን በሰፊው ስክሪን ከፈተው። ከላይ ስሟ፤ ከሥሩ ጥርት ያለ ነጭ ገጽ። ሌላ ምንም የለም። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን አስግጎ ነጩን ያያል።

«ሱብሃነላህ!» አሉ ሸህ ዒምራን። «ይህን አሁን መካ ያለ ሰው ቢከፍተው ያየዋል?»

«ያየዋል።»

«ባዶ እኮ ነው!» አለ ነጅሙዲን።

«ፎቶ ይግባበት እንጂ፤ ከሁሉ የሚያምረውን አምጪ» አለ በድረዲን።

ጀዊሪያ ግን ከመሀላቸው የለችም። ቀዩን አንቀልባ ከመስቀያው ልታወርድ አስፋልቱን በሩጫ እያቋረጠች ነበር፤ ከሮቢት የመጣው ሚኒባስ ጥሩንባውን ቢያንባርቅባትም ዞር አላለችም።